ሸጌ የደበቀቻት ግልገል ጦጣ

ሸጌ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ቤቷ ከወረታ ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ፣ ጉማራ ወንዝ ዳር ነው። አባቷ አበረ ገበሬ ነው። እናቷ ሸዋነሽ ገና ጡት ያልጣለ ሕፃን ታቅፋ ነበር። ይህ የሆነው በ1950 ዓ.ም. ነው።

በታኅሣሥ የክረምቱ ውሃ ከፎገራ ሜዳ ሸሽቶ ሽምብራው እሸት ሲይዝ፣ ጦጣዎች ከወንዙ ዳር ሾላ እየወረዱ ይፈጁት ነበር። ስለዚህ ሸጌ ጠባቂ ሆነች።

ከጦጣዎቹ አንዲቱ አዲስ ወልዳለች። ግልገሏ ጠጉሯ ጥቁር፣ ፊቷ ግን እንደ ሰው ሕፃን ቀላ ያለ ነው። ከእናቷ ሆድ ሥር ተለጥፋ፣ እናቷ ስትዘል እንኳ አትወድቅም። ትንሽ ራቅ ልበል ስትል እናቷ ጅራቷን ይዛ ትመልሳታለች። ሸጌ ይህን እያየች ትውላለች።

«ምነው የኔ በሆነች!» አለች።

መመኘት ብቻውን ክፉ አይደለም፣ ልጆች። ክፋቱ እጅ ሲከተለው ነው።

አንድ ቀን እናቲቱ ግልገሏን ለትልቋ ልጇ ትታ እሸት ልትቀጥፍ ወረደች። ሸጌ በወንጭፍ ድንጋይ ለቀቀች። መንጋው ተንጫጭቶ ሲሸሽ እኅቲቱ ደንግጣ ግልገሏን ጣለቻት። ግልገሏ እሾህ ላይ ወደቀችና የጆሮዋ ጫፍ ተቀደደ። ሸጌ ዙሪያዋን አየች። ማንም የለም። በነጠላዋ ጠቅልላ ወሰደቻትና ከጓሮ ባዶ ጎተራ ውስጥ ደበቀቻት።

ጣቷን ወተት እየነከረች ሰጠቻት። ግልገሏ አልቀምስ አለች። የሸጌን ቀሚስ ጨምድዳ ይዛ፣ በቀጭን ድምፅ እየጮኸች ጡት ትፈልጋለች።

በማግሥቱ እናት ጦጣ መጣች። ሰው አልፈራች፣ ውሻ አልፈራች። አጥሩ ላይ ተቀምጣ ትጮኻለች።

«ይቺ ጦጣ ምን ሆና ነው?» አለች ሸዋነሽ ሕፃኗን እያጠባች። «ሸጌ፣ አንች ታውቂያለሽ?»

«እኔ ምን አውቄ፣ እምዬ!»

አያችሁ? ስርቆት ብቻዋን አትመጣም፤ ውሸትን አስከትላ ነው የምትመጣው።

ከሰዓት በኋላ አባቷ ከእርሻ ተመለሰ። «ደግሞ እቤት ድረስ ደፈሩን?» ብሎ ድንጋይ አነሣ። ወረወረ። ድንጋዩ የጦጣዋን ክንድ አገኘው። ወደቀች። ተነሣች። እያነከሰች ተመልሳ አጥሩ ላይ ወጣች፤ ጎተራውን እያየችም ጮኸች። አበረ ሁለተኛ ድንጋይ አነሣ።

«አባዬ፣ አይምቷት!» ሸጌ እጁ ላይ ተንጠለጠለች። «ልጇን ብላ ነው የመጣች! እኔ ነኝ የደበቅሁባት። እምዬንም ዋሽቻታለሁ።»

አበረ ድንጋዩን ጣለው። ሸዋነሽ ሮጣ ጎተራውን ከፈተች። ግልገሏ አንገቷን ደፍታ፣ ትንፋሿ ብቻ ቀርቷል።

«አይ ልጄ!» አለች ሸዋነሽ፣ የገዛ ሕፃኗን ወደ ደረቷ እያስጠጋች። «ይህንን ሰው ቢወስድብኝ፣ እኔስ የማን አጥር ላይ ስጮህ እገኝ ነበር?»

ሸጌ እያለቀሰች ግልገሏን ከአጥሩ ሥር አኖረቻትና ራቅ አለች። እናት ጦጣ ዘልላ ወረደች። በደኅናው እጇ አንሥታ ከጡቷ ለጠፈቻት። ግልገሏ ጠባች።

እሑድ ሸጌ ለንስሐ አባቷ ለመምሬ አለኸኝ ሁሉንም ነገረቻቸው። ብዙ ስግደት የሚያዝዟት መስሏት ነበር። እሳቸው ግን፣ «ያች እናት ልጇን እንዴት እንደምታሳድግ እያየሽ ትነግሪኛለሽ» አሏት።

በሦስተኛው ወር፣ «መምሬ፣ ጥቁሩ ጠጉሯ ግራጫ ሆነ፤ ቀዩ ፊቷም ጠቆረ» አለቻቸው። ሰኔ ሲገባ ግን አዝና መጣች።

«እናቷ ጡት ከለከለቻት። ብትጮህ፣ ብትንፈራፈር፣ ጀርባዋን ሰጠቻት። ጨከነችባት እኮ!»

«ከዚያስ ግልገሏ ምን አደረገች?»

ሸጌ አሰበች። «ሾላ ለቅማ በላች። እዚያው ከእናቷ ጎን።»

«እንግዲያ ጭካኔ አይደለም፤ ጊዜው ደርሶ ነው» አሏት መምሬ። «አንች ግን ያለ ጊዜዋ ነጠልሻት።»



በሁለተኛው ዓመት ግልገሏ ከእኩዮቿ ጋር ስትታገል ትውል ጀመር። በሦስተኛው የሌሎችን ልጆች መታቀፍ ተማረች፤ መጀመሪያ ዘቅዝቃ እየያዘች እናቶቻቸው ይነጥቋት ነበር፣ ኋላ ግን አወቀችበት። ወንዶቹ እኩዮቿ ሲጎለምሱ ወደ ሌላ መንጋ ሄዱ። እሷ ከእናቷ ዘንድ ቀረች። ሸጌ በተቀደደው ጆሮዋ ትለያታለች። የእናቲቱ ክንድ ግን ሳይቃና ቀረ።

በአምስተኛው ዓመት፣ አሥራ አራት ሲሆናት፣ ሸጌ እየሮጠች ቤተ ክርስቲያን ደረሰች።

«መምሬ፣ ጆሮዋ የተቀደደባት ወለደች! ጥቁር ግልገል ታቅፋለች! ንስሐዬ አለቀ ማለት ነው?»

መምሬ አለኸኝ ሳቁ። «ንስሐሽማ ያን ዕለት፣ ከአባትሽ እጅ ላይ ተንጠልጥለሽ እውነቱን ስትናገሪ ነው የተፈጸመ። ይኸ ሁሉ ዓመት እንድታይ ብዬ እንጂ እንድትቀጭ አልነበረም።»

እንግዲህ ልጆች፣ ሌላው የሚወደውን አንንጠቅ፤ ከነጠቅንም ሳንደብቅ እውነቱን ተናግረን እንመልስ፤ እግዚአብሔር እውነት የሚናገረውን ልጅ ይቅር ይለዋልና።