የቀጭኑ ክዳን ነገር

ፋብሪካው የሠራው የአየር ታንክ ሲፈተሽ ፈነዳና ክዳኑ ጣሪያውን በስቶ ወጣ፤ እስካሁን አልወረደም የሚሉም አሉ። ትንፋሽ ግን እዚያው ወድቆ ቀረ። የአየር ግፊት ፈታሽ ስለነበር ነው ትንፋሽ ያሉት። ብረት በማሽን ለሚጠርበው ቶርኖ ሠራተኛ ደግሞ የእህቱ ባል ነበር።

በማግስቱ የፖሊስ መርማሪዋ አራት ሰዎችን የፋብሪካው ንድፍ ክፍል ሰብስባ በሩን ዘጋች። ቶርኖ ሠራተኛው ግድግዳው ወደ እሱ የሚጠጋ መሰለው። ዋና መሐንዲሱ ከኮምፒውተሩ ያተመው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፦ የክዳኑ ውፍረት ወደ ስድስት ሚሊ ተቀይሯል፤ የቀያሪው ስም የቶርኖ ሠራተኛው ነው። እህቱ ይህን ሰምታ ጠዋት በር አልከፈተችለትም።

መርማሪዋ አጭር ናት፤ ወንበር ላይ ስትቀመጥ እግሯ መሬት አይነካም፣ ጆሮዋ ግን የማይደርስበት የለም። ንድፍ ሠሪዋ አሥራ ሁለት ሚሊ ነው የሣልኩት ብላ ማለች። ስቶር ኪፐሩ ወፍራሙ የብረት ላሜራ ስላለቀ ሰኞ ዕለት ባለ ስድስቱን «ለጊዜው ስጥ» ተብሎ ማውጣቱን ተናገረ፤ ማን እንዳዘዘው ሲጠየቅ ጫማውን አየ። መሐንዲሱ ኮምፒውተር አይዋሽም ብሎ ዘጋው።

«የይለፍ ቃልዎን ማን ያውቃል?» አለችው መርማሪዋ ቶርኖ ሠራተኛውን።

«የግቢው ድመት ሳትቀር።»

ድሮ ንድፎቹ አንድ የብረት ቁምሳጥን ውስጥ ነበሩ፤ ቁልፉም አንድ፣ ሚስማር ላይ የሚንጠለጠል። ንድፍ የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር ሲመጣ ለየሰው የይለፍ ቃል ታደለ። ሥልጠናው ላይ ግማሹ አንቀላፋ፣ ግማሹ ምሳ ናፈቀ። ከዚያ የቶርኖ ሠራተኛውን ቃል ወረቀት ላይ ጽፈው እዚያው ሚስማር ላይ ሰቀሉት። ፋብሪካው በሞላ በእሱ ስም ሲገባና ሲወጣ ከረመ።

መርማሪዋ ንድፍ ሠሪዋን ፋይሉን አስከፈተቻትና ማንም ነክቶት የማያውቀውን መስመር አስጫነቻት፦ የለውጥ ታሪክ።

«ትናንት ዘጠኝ ሰዓት» ብላ አነበበች። «ትንፋሽ የሞተው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ላሜራው ሰኞ ወጥቷል። እንግዲህ ክዳኑ ንድፉን አልተከተለም፤ ንድፉ ነው ክዳኑን የተከተለው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኚህ ቶርኖ ሠራተኛ ከአስከሬኑ ጋር ሆስፒታል ነበሩ። ንድፍ ሠሪዋና ስቶር ኪፐሩ ደግሞ ግቢ ውስጥ ለፖሊስ ቃል ይሰጡ ነበር። ፍንዳታው የወርክሾፑንም የዚህንም ክፍል መብራት አጥፍቷል። የሚሠራው ኮምፒውተር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም እርስዎ ቢሮ ነው፣ መሐንዲስ።»

መሐንዲሱ ላቡን ጠረገ። «እንደ ቁምሳጥኑ መስሎኝ... ማንም ሳያውቅ አንዱን ንድፍ አውጥቶ ሌላውን መክተት።»

«እሳቸው ናቸው ስጥ ያሉኝ» አለ ስቶር ኪፐሩ።

«አሁን ጀገንክ» አለችው ንድፍ ሠሪዋ።

መሐንዲሱን ወሰዱት፤ በሩም ተከፈተ። ቶርኖ ሠራተኛው አልተነሳም።

«ነጻ ነዎት። እህትዎ ጋ ይሂዱ» አለችው መርማሪዋ።

«ክዳኑን ቶርኖ ላይ ያስተካከልኩት እኔ ነኝ። እጄ ላይ ቀለለኝ። ለጊዜው ነው ሲሉኝ ዝም አልኩ።»

ኮምፒውተሩን አየችው። «ይኼ እዚህ ውስጥ የለም።»

«ታዲያ ምን ልበላት?»

መርማሪዋ ወደ በሩ ሄደች። እስኪነሳ ድረስ በሩን ይዛ ቆመች።