ከቀዩ ከፋይ ሥር

አየር ጤና ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው የመኪናዋ ዳሽቦርድ ላይ ያለችው መብራት እንደገና በራች። ብርቱካናማ ናት፤ የሞተር ቅርጽ አላት፤ የአውራ ጣት ጥፍር ብታህል ነው። አልፊያ አየቻትና አባቷን ሀያቱን በጎን ሰረቅ አድርጋ ተመለከተችው። ሀያቱም አይቷል፤ እንዳላየ ሆኖ መሪውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

«አባ፣ በራች።»

«አውቃለሁ።» መንገዱን እያየ፣ «መካኒኩ ጋሽ የኔሰውም እንደዚያኛው ጋራዥ ባትሪው አልቋል ካለ፣ ያው መሸጥ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ የሚያያት ሰው ቀጥሬያለሁ» አለ።

«ዛሬ?»

«ታዲያ መቼ? የአዲስ ባትሪ ዋጋ ሰምቼ እንቅልፍ አልወሰደኝም እኮ።»

መኪናዋ ሃይብሪድ ናት፤ በነዳጅም በባትሪም ትሄዳለች። ሀያቱ ከዓለም ባንክ ሰፈር እየተነሳ ሰው ሲያመላልስባት አራት ዓመት ሆኖታል። የቤቱ ቀለብም፣ የአልፊያና የታናሽ ወንድሟ የአነስ ደብተርም የሚወጣው ከእሷ ነው።

«ይሄን ልብስ ግን ለማንም አልሰጥም» አለ ሀያቱ፣ የተቀመጠበትን ቀይ የከፋይ ጨርቅ መታ መታ እያደረገ። «ገፍፌ ነው የማስቀረው።»

የወንበሩን ልብስ የሰፋችው አልፊያ ናት። ለኢድ፣ በእናቷ የስፌት መኪና፣ አሥር ቀን ሙሉ ጎንበስ ብላ። አባቷ ከዚያ በፊት ስፌቷን «ጨርቅ ማባከን» ነበር የሚለው። ወንበሮቹን አልብሳ ስታሳየው ግን በሩን ከፍቶ ለረጅም ጊዜ ቆመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሚሳፈረው ሁሉ፣ «ልጄ ናት የሰፋችው፤ ገና ዘጠነኛ ክፍል ናት» ይላል። ጎረቤታቸው ለሊሳም ተመሳሳይ መኪና ስላለው እንድትሰፋለት ጠይቋት ባለፈው እሑድ አልብሳለታለች። ሁለት ሾፌሮች ደግሞ ተራ ይዘዋል። የወንበሮቻቸው ልክ በሒሳብ ደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ ሰፍሯል።

የጋሽ የኔሰው ጋራዥ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነው። ሃይብሪድ ያስተማረው ሰው የለም። አንድ የተጋጨ መኪና ገዝቶ፣ ስድስት ወር ሙሉ እየፈታና እየገጠመ፣ በደብተር እየጻፈ ነው የተማረው ይባላል። እጁን በጨርቅ ጠረገና ኮፈኑን ከመክፈቱ በፊት አማተበ። ሀያቱም ከአጠገቡ ቆሞ በለሆሳስ ቢስሚላህ አለ። ከዚያ ጋሽ የኔሰው መመርመሪያ ማሽኑን ከመሪው ሥር ሰካ፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለና ስክሪኑን አነበበ።

«ባትሪው ከመጠን በላይ ይግላል ነው የሚለው።»

«ያኛውም ይሄንኑ አይቶ ነው ቀይረው ያለኝ።»

«ማሽን የት እንዳመማት ይነግርሃል፤ ለምን እንዳመማት ግን አይነግርህም። እሱን ባለቤቱን ነው የምጠይቀው።» ጋሽ የኔሰው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ጊዜ የተረፈው ይመስላል። «ጎርፍ ገብተህባታል?»

«በፍጹም።»

«መጀመሪያ የበራችው መቼ ነው?»

«ከኢድ በኋላ፣ ሳምንት ሳይሞላ።»

«ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት የተጨመረ፣ የተነካ፣ የተቀየረ ነገር አለ?»

«ወላሂ ምንም! ማንም እጁን አላሳረፈባትም።»

ጋሽ የኔሰው ተነስቶ ሞተሩን አስነሳና፣ «እስቲ ዝም በሉ» አለ። ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ወንበር አዘንብሎ ጆሮውን ጣለ። አልፊያም ሰማችው። ዳገት ሮጦ የወጣ ሰው እንደሚያለከልክ ያለ ድምፅ ነው።

«የባትሪው ማቀዝቀዣ ፋን ነው። ባትሪው ከኋላ ወንበር ጀርባ ነው ያለው። እንደ እኛው አየር ይስባል። ይህችኛዋ ግን ታፍናለች።» ሰዓቱን አየ። «ዛሬ ከሰጠኸኝ ወንበሩን አውልቄ አየዋለሁ።»

«ዛሬማ አይሆንም፤ ሰውዬው ይመጣል። መብራቷን አጥፋልኝ አልልህም፣ ሐራም ነው። እንደታመመች ነግሬው፣ የሰጠኝን ተቀብዬ እሸጣለሁ።»

አልፊያ ቀዩን ከፋይ አየችው። ከኋላ ወንበር ጎን አንዲት ፕላስቲክ ወንፊት ነበረች፤ አቧራ የጠጣች፣ የተጫጫረች። ልብሱን ስትለካ አይታት አስጠላቻት። ስፖንጅ ደርባ፣ ከፋዩን ወጥራ፣ ጥርቅም አድርጋ ሸፈነቻት። ያንን ጎን ሲያዩላት ደግሞ ይበልጥ ትኮራ ነበር። ስፌቱ የትም አይታይማ!

ዝም ብትል ማንም አያውቅም። አባቷ ራሱ ልብሱን ገፍፎ ያስቀራል፤ መኪናዋ ተሸጣ ትሄዳለች፤ እሷ «ልጄ ናት የሰፋችው» እንደተባለች ትቀራለች።

አባቷ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ በጣቱ ያዞረው ጀመር። ሲጨንቀው እንዲህ ያደርጋል።

«ጋሽ የኔሰው» አለች። ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት። «የተቀየረ ነገር አለ።»

ሁለቱም ዞሩ።

«እዚህ ጋ ቀዳዳ ነበረች። እኔ... በጨርቅ ሸፍኛታለሁ። ምን እንደሆነች አላወቅኩም ነበር።»

የኋላውን በር ከፍታ በጣቷ አሳየች። ጋሽ የኔሰው ከፋዩን በመዳፉ ዳበሰ። «ባትሪው አየር የሚስበው በዚህች ነው» አለና ትንሽ መቀስ አቀበላት። «አንቺ ነሽ የሰፋሽው፤ አንቺው ክፈቺው።»

መቀሱን በስፌቱ ላይ ሰደደች። ከፋዩ ተከፈተ፣ ስፖንጁ ወጣ። ጋሽ የኔሰው ወንፊቷን በመፍቻ ነቅሎ ገለበጣት። ውስጧ በቀይ ብናኝና በአቧራ ተጠቅጥቋል። ብሩሽ አመጣ፤ ፋኑንም ፈትቶ አጸዳው። አንድም የወቀሳ ቃል አልወጣውም። ሲጨርስ መኪናዋን አስነሳና ሦስቱም ጆሯቸውን ጣሉ። ማለክለኩ ጋብ አለ። ጥቂት ቆይቶ እንደተኛ ሕፃን እስትንፋስ ሆነ።

«አትቸኩል» አለ ጋሽ የኔሰው፣ የሀያቱን ፊት አይቶ። «ባትሪው ትንሽ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ሦስት ቀን ንዳትና ተመለስ፤ ያኔ በደንብ እናውቃለን። ግን ለቀብር የቸኮላችሁ ይመስለኛል።»

ሀያቱ ቀዩን ብናኝ መዳፉ ላይ ይዞ በጣቱ አሸው። አልፊያ ዓይኑን ማየት ፈራች።

«እኔ ደግሞ» አለ በመጨረሻ፣ «ማንም አልነካትም ብዬ ማልኩ! አስተግፊሩላህ።» ሳቁ ሳያስበው አመለጠው። ከዚያ ስልኩን አወጣ። «ለስምንት ሰዓቱ ሰውዬ ልደውል። እንዳይለፋ።»

አልፊያም የራሷን ስልክ አውጥታ ለሊሳ ጋ ደወለች።

«ፋሽኒስቷ!» አለ ለሊሳ ከወዲያኛው ጫፍ። «መኪናዬ እኮ ፏ ብላለች! ተሳፋሪው ሁሉ ሰልፊ መነሳት ሆኗል ሥራው።»

«ለሊሳ፣ ዳሽቦርድህ ላይ የበራ መብራት አለ?»

«ኧረ ሰላም ነው፣ ምንም የለም። ምነው?»

ምንም የለም። «እንዲሁ ነው» ብላ ስልኩን ብትዘጋ ያበቃል። የተቆረጠውን ከፋይ አየችው፤ ጠርዙ ተተልትሎ ያስጠላል።

«ማታ ስትገባ መኪናዋን እኛ በር ላይ አቁማት። የሰፋሁት ላይ ስህተት አለ። ለሌሎቹም ከመጀመሬ በፊት ያንተን አስተካክላለሁ።»

«አንቺ ልጅ፣ አስደነገጥሽኝ እኮ! እሺ፣ እመጣለሁ።»

ስልኩን ዘጋችና የሒሳብ ደብተሯን ከቦርሳዋ አወጣች። ሜትሯ ቤት ቀርቷል። ወንበሩ ላይ በጉልበቷ ተንበርክካ ወንፊቷን በእጇ ለካችና ጻፈች፤ ርዝመቷ አንድ ስንዝር፣ ቁመቷ አራት ጣት። ከፋዩ ላይ በልኳ ክፍት ይተዋል፤ ዙሪያውን በጥቁር ክር ይዘመዘማል።

«እዚያ ውስጥ አይጨልምብሽም?» አለ አባቷ ከኋላዋ። መልሷን ሳይጠብቅ የስልኩን ባትሪ አበራና ከትከሻዋ በላይ ያዘላት።