እጅ ወራሹ ለምን ቆመ?

ጠዋት ዓይናዲስ ወደ ሥራ ስትገባ የሟች ባሏ እጅ እንደ ወትሮው ኩላሊት ይገጣጥም ነበር። ምድርን በምትዞረው ፋብሪካ ውስጥ ይህ ብርቅ አይደለም። ሠራተኛ ጡረታ ሲወጣ ወይም ሲሞት የእጁ ልምድ ለ«እጅ ወራሽ» ይተላለፋል፤ እጅ ወራሽ ማለት የሰውየውን አሠራር የተማረ የብረት ክንድ ነው። ባሏ ጌጡ ከሞተ ወዲህ ዓይናዲስ በየቀኑ በክንዱ አጠገብ ታልፋለች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እሷ ግን አንጀቷም የት እንደገባ አታውቅም። ደንዝዛለች፣ በቃ።

ሰሞኑን ክንዱ መቆም ጀመረ። ሰው ሠራሹን ኩላሊት ከጎኑ ካለው ክንድ ሊቀበል ይዘረጋና ቀጥ ይላል። የምርት መስመሩ በሙሉ ይጠብቀዋል።

«ጥበቃ ብክነት ነው» አለ የፈረቃው ኃላፊ ልዑልሰገድ፤ ካይዘንን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ የሚወጣ ሰው ነው። «የማሻሻያ ቡድኑ መሪ አንቺ ነሽ። ሥረ መንስኤውን ዛሬ ካላገኘሽው ክንዱ የተማረው ሁሉ ይጠፋል። የማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ምን ላድርግ?»

እሷም እንደተማረችው «ለምን» እያለች ቀጠለች። ለምን ቆመ? ኩላሊቱን ስላልጨበጠ። ለምን አልጨበጠም? አንድ ነገር ስለሚጠብቅ። ለምን ሰሞኑን? ከጎኑ የነበረው የአንድ ጎረምሳ ክንድ ተነስቶ የእትዬ ዘውድነሽ ስለተተከለ። እትዬ ዘውድነሽ ጸጉራቸው ሸብቶ ነው ጡረታ የወጡት፤ ጌጡን ሥራ ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው።

ይሄኔ ገባት። ጌጡ ዕቃ ከታላቁ በአንድ እጁ ተቀብሎ አያውቅም፤ ግራ እጁ የቀኙን ክርን ይደግፋል። ወራሹ የእትዬን አሰጣጥ ለይቶ ያንን ግራ እጅ እየጠበቀ ነው። ግራ እጅ ግን አልተሠራለትም። መሐንዲሶቹ አንድ ይበቃዋል ብለው ነበር።

ለማረጋገጥ ግራ እጇን ከብረቱ ክርን ሥር አደረገች። ክንዱ ትንሽ ዝቅ አለና ኩላሊቱን ተቀበለ። ያ ዝቅ ማለት የራሱ የጌጡ ነው። እንባዋ ይመጣ እንደሆነ ጠበቀች፤ አልመጣም። አለማዘኗ አሳዘናት።

ያገኘችውን ለልዑልሰገድ ነገረችውና «ክንዶቹን ቦታ እናለዋውጣቸው» አለች።

«እሱ ችግሩን መሸሽ እንጂ መፍታት አይደለም» አለ ልዑልሰገድ። «ነገ የሌላ ሽማግሌ እጅ ይመጣል። ወይ ያቺን የአክብሮት ልማድ ከተማረው አውጪለት፣ ወይ ሁሉም ይጥፋ።»

አወጣችው። ክንዱ ከእትዬ እጅ ላፍ እያደረገ ይወስድ ጀመር። ፈጠነ። አሁን የማንም እጅ ሊሆን ይችላል።

ልዑልሰገድ ከልቡ ተደሰተ። «ጎበዝ! እንዲህ ነው እንጂ! በይ ሌሎቹንም ፈትሺልኝ፤ አክብሮት የተረፈባቸው ካሉ ዛሬውኑ ይጽዱ።»

«እሺ» አለች ዓይናዲስ፤ ወደሚቀጥለው ክንድም ሄደች።