የአስታ ሥር

በሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፥ በኅዳር ወር፥ አራዳ እንደ ልማዷ አጊጣ ነበር፤ በጊዮርጊስ ዙሪያ የመኳንንቱ መኪኖች ይርመሰመሳሉ፤ በወርቅ ቤቶቹ መስተዋት ፊት ሙሽሮች ቀለበት ይለካሉ፤ በኬክ ቤቶቹ ባንኮኒ ላይ የማኪያቶ ብርጭቆ ይንኳኳል። በዚያው ወር በወሎ ጠቅላይ ግዛት ዝናም ከራቀ ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ፥ ሰው ከብቱን ጨርሶ የዘር እህሉን መብላት ጀምሮ ነበር። አራዳ ይህን አላወቀችም ማለት ሐሰት ነው፤ ከሰሜን የሚመጣው አውቶቡስ በየቀኑ ያወራው ነበር፤ ነገር ግን የሰሙትን እንዳልሰሙ መሆን ከባለ መኪኖቹ ጀምሮ ሁሉም ተክኖበታል።

ከጊዮርጊስ ወደ እሪ በከንቱ በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ አንድ ጠባብ የእንጨት ሥራ ቤት ነበረ። ባለቤቱ ኦቶሪኖ የሚባል ስድሳውን የተሻገረ ጣልያናዊ ሲሆን፥ በወረራው ዘመን ወታደር ሆኖ መጥቶ፥ የተሸነፉት ሲመለሱ እርሱ የቀረ፥ አማርኛውን ከአራዳ ልጆች የለቀመ ሰው ነው። የትምባሆ ፒፓ ከእንጨት እየጠረበ ለመኳንንትና ለኤምባሲ ሰዎች ይሸጣል። እዚያው ቤት፥ ከመስኮቱ ሥር ባለች ዱካ ላይ፥ በአርባ ዓመቱ እንደ አዲስ ተማሪ የሆነ ሰው ይቀመጥ ነበር፤ ስሙ ዑዘይር ይባላል።

ዑዘይር የወሎ ቦረና ሰው ነው። በአገሩ ገበቴና የወተት ዕቃ በመጥረብ ስሙ የተጠራ ነበረ፤ ዳሩ ግን ወተት በሌለበት የወተት ዕቃ ማን ይገዛል? ሚስቱን ዐፊፋን በደጋው ትቶ ሥራ ፍለጋ መጣ። ልጅ አልተሰጣቸውም፤ ለእርሱ እርሷ፥ ለእርሷም እርሱ ብቻ ነበሩ። የሚያድረው እሪ በከንቱ ውስጥ ከአትክልት ተራ ተሸካሚዎች ጋር፥ ዐሥር ወንድ በሚተኛባት አንዲት ክፍል ስለ ሆነ፥ ሚስቱን አምጥቶ የሚያሳርፍበት ጥግ አልነበረውም። ከሱቁ ጀርባ ግን ባዶ ክፍል ነበረች፤ ሲኞር ኦቶሪኖም ስለዚህች ክፍል ቃል ገብቶለት ነበር።

«አንድ ፒፓ ከጥርቡ እስከ መጨረሻው ብቻህን ሠርተህ ደንበኛ ከተቀበለው፥ ክፍሏ ያንተ ናት» አለው። «ስምህም በእንጨቱ ላይ ይታተማል።»

«ስሙስ ይቆይ፥ ሲኞር። ዐፊፋን ላምጣት?»

«አምጣት። እኔ ምን ቸገረኝ!»

ከዚያ ወዲያ ዑዘይር ዓይኑን ከሲኞሩ እጅ አልነቀለም። የፒፓው ራስ በስተየት በኩል እንደሚጎደጎድ፤ ጭሱ የሚሄድባት ቀጭን ቀዳዳ ከአንገቱ ገብታ ልክ ከጎድጓዳው ወለል ላይ ካልወጣች ሥራው ሁሉ ለእሳት እንደሚሆን፤ መጀመሪያ በሞረድ፥ ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት፥ በመጨረሻም በሰምና በጨርቅ እየታሸ እንደሚያልቅ ተማረ። ትምባሆ በሕይወቱ አልቀመሰም፤ የሚሠራውን ነገር ጥቅሙን ሳያውቅ ቅርጹን ብቻ ወደደው።

እንጨቱ ከባሕር ማዶ በጆንያ የሚመጣ የሥር ጉጥ ነበር፤ ሲኞር ‹ራዲካ› ይለዋል። ዑዘይር መጀመሪያ የሰነጠቀው ዕለት አሽትቶት ሳቀ።

«ሲኞር፥ ይኼ እኮ አስታ ነው!»

«አስታ ደግሞ ምንድን ነው?»

«በአገሬ ተራራ ላይ ሞልቷል። ሚስቴ ሥሩን እየፈለጠች ነው የምታነደው።»

«ዑዘይር፥ ይህ ከካላብሪያ በመርከብ የመጣ ነው። ያንተ ሚስት በዚህ ሽሮ አትሠራም!» ብሎ ሲኞር ከት ብሎ ሳቀ። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ በሰው እጅ ያለውን ወርቅ መዳብ ነው ብሎ የሚከራከር ግን እንደ ኦቶሪኖ ያለ አልታየም።

በጥር መባቻ ደጃዝማች ዘርዓብሩክ የሚባሉ፥ በየአውራጃው ጉዳይ ቃላቸው የሚሰማ ባለ ርስት፥ አዲስ ፒፓ አዘዙ። ሲኞር ለጉዳዩ ወደ አሥመራ የሚሄድበት ጊዜ ነበርና ሥራውን ለዑዘይር ተወለት። «ይህ ፈተናህ ነው። መጨረሻውን በሰም እሸው፤ ከሰም ሌላ ምንም አታስነካው» ብሎት ሄደ።

ዑዘይር ዐሥር ቀን ጠረበ፤ ቀዳዳዋ ከወለሉ ላይ ልክ ወጣች፤ አንገቱ እንደ ቆንጆ ሴት አንገት ቀና አለ። ሰሙን አንሥቶ ሊቀባው ሲል ግን ልቡ እምቢ አለው። በአገሩ አዲስ ዕቃ ከጠራቢው እጅ ሲወጣ በወይራ ይታጠናል፥ በለጋ ቅቤም ይታሻል፤ ይህ ያልተደረገለት ዕቃ ዕርቃኑን አደባባይ እንደ ወጣ ሰው ይቆጠራል። ሰም ለጧፍ እንጂ ለዕቃ አይሆንም፤ ለደጃዝማች የሚሄድ ዕቃማ በሰም ተለቅልቆ ቢሰጥ ነውር ነው ብሎ አሰበ። ስለዚህ የወይራ ፍም ፈልጎ ጎድጓዳውን አጠነው፤ ለጋ ቅቤ እያጠጣ ሦስት ቀን አሸው። ትእዛዙን መናቁ አልነበረም፤ ያለውን ሁሉ መስጠቱ ነበር እንጂ።

ሲኞር ሲመለስ ፒፓው እንደ በሰለ እንጆሪ ያበራ ነበር። አርባ ዓመት ያጨሰ አፍንጫ ቅቤና ሰም አይለይምና «ብራቮ!» ብሎ ትከሻውን መታው፤ ፒፓውን ለደጃዝማች ላከ፤ የክፍሏንም ቁልፍ ሰጠው። ዑዘይር በዚያው ቀን ግድግዳውን በኖራ ቀባ፤ ወደ ቦረና ለሚሄድ መንገደኛም «ለዐፊፋ ንገራት፤ መጥቼ እወስድሻለሁ፥ ከቤትሽ እንዳትነቃነቂ በላት» ብሎ አደራ ሰጠ።

በአምስተኛው ቀን የደጃዝማች አሽከር መጥቶ ፒፓውን ባንኮኒው ላይ ወረወረው።

«ጌታዬ ‹ምጣድ ማሰሻ አላዘዝኩም› ብለዋል» አለ። «ሁለተኛም ከዚህ ቤት ደጃፍ አይደርሱም።»

ሲኞር ፒፓውን ለኮሰው። አንድ ጊዜ ስቦ ፊቱ ጠቆረ፤ አፍንጫው ያልነገረውን ምላሱ ነገረው። «ምን አደረግህበት?»

«ቅቤ ነው፥ ሲኞር። ለጋ ቅቤ።»

ኦቶሪኖ አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻል ነበር። እጁን ዘርግቶ ቁልፉን ተቀበለና «አዲስ እንጨት ሲመጣ እንደገና ትሞክራለህ» አለው። ዑዘይርም አገር ቤት ሄዶ ‹ክፍሉ ቀረ› ማለት አፈረ፤ እንጨቱን ልጠብቅ፥ ቁልፉን በእጄ ይዤ ልሂድ ብሎ ተቀመጠ። ጥር አለፈ፤ የካቲት አለፈ፤ መጋቢትም አለፈ።

በሚያዝያ አንድ ጁምዓ፥ ከመስጊድ ሲወጣ፥ የአገሩን ሽማግሌ ሸኽ አብዱልሰላምን አገኛቸው፤ ከስተው ልብሳቸው እንጂ እርሳቸው የሚራመዱ አይመስልም ነበር። እጃቸውን ስሞ ከአጥር ሥር አስቀመጣቸው።

«ሸኽ፥ መቼ መጡ?»

«ከገና በፊት ነው፥ ልጄ። አገሩ አለቀ። የእህል ደብዳቤ ያስፈርሙልን ብዬ ደጅ ስጠና ከርሜ ደጃዝማች ዘርዓብሩክ ዘንድ ገባሁ። ወረቀቱ ከፊታቸው ነበር፤ ብዕሩንም አንሥተዋል። በዚህ መሐል ያንን የጭስ ዕቃቸውን ለኮሱ። ያ ረቢ! የተቃጠለ ቅቤ እልፍኙን ሞላው። እሳቸው ምንጣፉ ላይ ተፉ፤ እንግዶቹ ሳቁ፤ አንዱማ ‹ደጃዝማች፥ የወጥ ማማሰያ ማጨስ ጀመሩ?› አላቸው። ብዕሩን ወርውረው ‹ነገ!› ብለው ወጡ። ያ ነገ ይኸው እስከ ዛሬ አልመጣም።»

ዑዘይር «ዐፊፋስ?» አለ።

«መንደሩ ወደ መኪና መንገድ ሲወርድ እሷ እምቢ አለች አሉ። ‹ባሌ አትነቃነቂ ብሎኛል› ብላ። ከተራራው አስታ እየቆፈረች ለማገዶ ትሸጣለች ብለውኛል፤ ገዥ ካለ።»

ደጃዝማች በዚያ ቀን በእርግጥ ይፈርሙ ነበር ወይ? እኔ አላምንም፤ ለሌሎች ያልፈረመ እጅ ለቦረና የሚፈርምበት ምክንያት አይታየኝም። ዑዘይር ግን አመነ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም ከዚህ እምነት የሚያወጣው አልተገኘም። በማግሥቱ ለሲኞር ሳይሰናበት በሰሜኑ አውቶቡስ ተሳፈረ።

ሲደርስ መንደሩ ጭር ብሎ ነበር። ዐፊፋን የቀሩት ጥቂት ጎረቤቶች በመጋቢት ቀብረዋታል፤ መቃብሯን ያሳዩት አንዲት አሮጊት «እስከ መጨረሻው መንገዱን ታይ ነበር» አሉት። ከቤቱ ጓዳ፥ ከነአፈሩ ተከምሮ፥ ገዥ ያጣ አንድ ሸክም የአስታ ሥር አገኘ፤ ጉጡ የሰው ራስ ያህላል። በዱካው ተቀምጦ ሲጠብቀው ከነበረው ከካላብሪያው እንጨት የሚበልጥ እንጂ የማያንስ ነበር። ዑዘይር ያን ጊዜ አለቀሰ፤ ለቅሶው ሲያልቅ ከሁሉ የተሻለውን ጉጥ በጋቢው ጠቅልሎ ተመለሰ።

ኦቶሪኖ ጉጡን በመጋዝ ሰንጥቆ አየ፤ አሸው፤ ዓይኑን ማመን አቃተው። «ራዲካ ነው!» አለ። «ማዶና! እውነትህን ነበር። በል ቁልፉን ውሰድ፤ ክፍሏ ባዶ ናት፤ ሚስትህን አምጣት።»

«ተቀብራ ነው የደረስኩት፥ ሲኞር።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሲኞር ቁልፉን ባንኮኒው ላይ ተወው፤ ዑዘይርም አላነሣውም፤ ማታ ማታ ወደ እነዚያ ዐሥር ወንዶች ክፍል መውረዱን ቀጠለ።

ጉጡ ተቀቅሎ በጥላ ሲደርቅ ዓመት ፈጀ። ዑዘይር ከእርሱ አንድ ፒፓ ሠራ፤ ከሁለቱም እጅ እንዲህ ያለ ወጥቶ አያውቅም። መጨረሻ ላይ ሰሙን ወደ ጎን ገፍቶ፥ አሁን የሚያደርገውን እያወቀ፥ በወይራ አጠነው፤ ቅቤም አጠጣው። ማንም እንዳያጨሰው ፈልጎ ነበር። ኦቶሪኖ አፍንጫው አልነገረውምና ተደነቀ፤ ቢሆንም የገባውን ቃል አጠፈ። «ባንተ ስም ማን ይገዛዋል?» ብሎ የራሱን ማኅተም መታበት። ዑዘይር አልተከራከረም።

ቀጥሎ የሆነው በታሪክ ይታወቃል። ዘመኑ ተገለበጠ፤ ደጃዝማች ዘርዓብሩክ ታሰሩ፤ የቁልቁለቱ ቤት ትርፍ ቤት ተብሎ ተወረሰ፤ ኦቶሪኖ ፒፓዎቹን በችኮላ ሸጦ አገሩ ገባ። ዑዘይር አፍንጮ በር አካባቢ ዱካ እየጠረበ ኖሮ ሞተ። ዛሬ ያ ቤትም ፈርሷል፤ ቦታው ላይ መንገድ ያልፍበታል። የወሎ ረኀብ በቁጥር ተጽፏል፤ ቁጥሩም እንደ ጸሐፊው ይለያያል፤ ዐፊፋ በአንዱም ውስጥ በስም የለችም።

ፒፓው ግን አለ። አሮጌ ዕቃ የሚሰበስቡ አንድ የከተማችን ባለጸጋ በመስተዋት ሣጥን አኑረውታል፤ ከሥሩም «የካላብሪያ ራዲካ፤ የኦቶሪኖ እጅ ሥራ፤ ፈጽሞ ያልተጨሰበት» የሚል ጽሑፍ አለ። ከሦስቱ ቃል እውነቱ የመጨረሻው ብቻ ነው። ባለቤቱ ክብሩ እንዳይቀንስ ብለው አንድም ቀን አልለኮሱትም፤ ቢለኩሱት የዐፊፋ ጓዳ ይሸታቸው ነበር።