የሉማ ድንጋይ

«ሉማ» የሚል ቃል የተቀረጸበት ድንጋይ በተሰረቀ ማግስት የአርዞን ምንጮች ሁሉ አመድ ተፉ። ጎህ ሲቀድ ውሃ ልትቀዳ የወረደችው ዘርቃ እንስራዋን አመድ ሞልታ ተመለሰች።

በአርዞን መንግሥት ሁለት ሕዝብ ይኖር ነበር። ለደገኞቹ ሉማ ውሃ ማለት ነው፤ ከምንጭ ድምፅ የወሰድነው ነው ይላሉ። ለቆለኞቹ እናት ማለት ነው፤ ከሕፃን አፍ የወጣ። ፊደሉ አንድ፣ ድንጋዩም አንድ። ድንጋዩ የእኛ ነው ሲባባሉ ስንት ትውልድ ተላለቁ። አሁን ሁለቱም እኩል ተጠሙ።

ሌባው ጓንዝር ነበር፤ በጥቁሩ ተራራ ዋሻ የሚኖር፣ ቃል በልቶ የሚያድር አውሬ። ዘርቃ በንጉሡ ፊት ጦሯን ተክላ ማለች። «ድንጋዩን ሳልይዝ ብመለስ መሬት አትቀበለኝ!» ከቆለኞች ወገን ዶሩን የሚባል ጎበዝ ተነሣ። እናቱ በጥም ልትሞት ደርሳ ነበር።

ደገኛ እንግዳውን ሳያስቀድም ደፍ አይሻገርም። ዘርቃም በየማደሪያው በር ቆማ «አንተ ቅደም» ትለዋለች።

«እናንተ ሰዎች» ይስቃል ዶሩን፣ «ቤት ቢቃጠል እንኳ በር ላይ ስትግደረደሩ ታልቃላችሁ።»

ከዋሻው አፍ ሲደርሱም ከልማድ ወደ ጎን አለችለት። «ቅደም።»

ገባ።

ጓንዝር ከጨለማው ተናገረ። «ደጄን መጀመሪያ የረገጠ ዋጋ ይከፍላል። ድንጋዩን ውሰድ። ሉማን ግን ከሕዝብህ አፍ እበላለሁ፤ ቃሉንም፣ በቃሉ የሚጠሩትን ማወቅንም።»

ዘርቃ ዘላ ገባች። «የእኔን ብላ! ያስቀደምኩት እኔ ነኝ!»

«አንቺ ሁለተኛ ነሽ።»

ዶሩን ዞሮ አያት። «ብቻ የወለደችኝ ትጠጣ» አለ። ከዚያ «ሉማ!» ብሎ ጮኸ። ዋሻው ቃሉን ዋጠው፤ ገደል እንኳ አላስተጋባም።

ድንጋዩ በቦታው በቆመ ጊዜ ውሃው ፈነዳ። ንጉሡም «ከእንግዲህ ጠብ የለም፤ ቃሉ የአንድ ሕዝብ ሆኗል» ሲል አወጀ። ደገኞቹ እልል አሉ። በቆላ ሕፃናት አለቀሱ፤ ማንንም ግን አልጠሩም።

የዶሩን እናት ጥሟን ቆርጣ፣ በቅል ሙሉ ውሃ ይዛ ልትቀበለው ወጣች።

«ልጄ፣ መጣህልኝ?»

ዘርቃ ፊቷን አዞረች። ዶሩን ለማያውቃት ባልቴት እንደሚደረገው ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ፤ ቅሉንም በሁለት እጁ ተቀበለ።

«ዕድሜ ይስጥልኝ፣ እሜቴ» አላት።