ከሞት ማስታወቂያው የጎደሉት ሁለት መስመሮች

ኦታካር ቭርባ የሞተው የጽሕፈት መኪናው ላይ ተደፍቶ ነው። ማጅራቱን የመታው ድፍን ብረት ታጥቦ በመስኮቱ ደፍ ላይ፣ በተለመደው ቦታው ተቀምጧል። ብረቱ ጋዜጣ ሲቆረጥ ወረቀቱ እንዳይንሸራተት የሚጫንበት ነው።

ያለምወርቅ ብረቱን ጎንበስ ብላ አየችው። አሁንም እርጥብ ነው።

«ሰው ገድሎ ዕቃ ወደ ቦታው የሚመልስ ሰው ለዚህ ክፍል እንግዳ አይደለም» አለች በእንግሊዝኛ።

ሰርጀንት ዶሄርቲ በረጅሙ ተነፈሰ። «የጠራሁሽ እንድታስተረጉሚ ነው።»

«እያስተረጎምኩልህ እኮ ነው።»

አዲስ አበባ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ነፍሰ ገዳይ ስታድን ኖራለች። ቶሮንቶ በሰዓት የምትጠራ አስተርጓሚ አደረገቻት። ዕድሜዋ ሃምሳ አምስት ነው፤ ትዕግሥቷ ግን ድሮ አልቋል።

ሟቹ ፕራግ ውስጥ የሬዲዮ ጋዜጠኝነት ያስተምር የነበረ ቼክ ነው። ከአገሩ ወጥቶ ቶሮንቶ ሲገባ፣ ቼክኛ ጠንቅቀው ለሚያውቁ ሰዎች የእንግሊዝኛ የጋዜጣና የሬዲዮ ቃላት የሚያስተምር መጽሐፍ ጻፈ። የሚያሳትምለት ስላጣ ብሎር ጎዳና ላይ፣ ከጀላል ሱቅ በላይ አንድ ክፍል ተከራይቶ ከመጽሐፉ ያስተምር ጀመር። በዚያ ኅዳር የቀሩት ተማሪዎች ሦስት ብቻ ነበሩ። አንዷ ሚላዳ፣ በአገሯ የጋዜጣ አራሚ የነበረች ቼካዊት ባልቴት ናት። ሁለቱ ይመርና ሔለን፣ ፕራግ የእሱ ተማሪ የነበሩ፣ ከኢትዮጵያ የወጡ እጮኛሞች ናቸው።

ቭርባ ቋጣሪ ነበር። ለሦስቱም የሚገዛው አንድ ጋዜጣ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ሔለን ከቀትር በኋላ በሁለት ሰዓት፣ ሚላዳ በሦስት፣ ይመር በአራት ሰዓት በየተራ ይመጣሉ። እያንዳንዱ ከዚያው ጋዜጣ አንድ ዜና ቆርጦ በስሙ ኤንቨሎፕ ውስጥ ይከትታል፤ ከዜናው አሥር ቃል አውጥቶ ያጠናል። መጨረሻ የመጣ ከቀዳዳ የተረፈውን ይለቅማል። የዚያ ሳምንት ርዕስ ሞት ነበር።

ማክሰኞ በአራት ሰዓት ሬሳውን ያገኘው ይመር ነው። ቀና ሊያደርገው ሲሞክር እጅጌው በደም ተነክሯል። ሰርጀንቱ ደግሞ ከደሙ አልፎ የሚያይ አይመስልም።

ይመርን ጀላል ሱቅ ውስጥ፣ በሩዝ ጆንያዎች መካከል አስቀምጠውታል።

«ምን አየህ?» አለችው ያለምወርቅ።

«ሁኔታው ገና በመጣራት ላይ ነው...»

«እንደ ጋዜጣ አታውራኝ!»

«ሌላ እንግሊዝኛ አላስተማረኝም፣ እትዬ።»

«አሁን የምታወራኝ በአማርኛ ነው።»

ይመር እጁን አየ። «አማርኛዬም እንደዚያው ሆኗል» አለ ቀስ ብሎ። «ሐሙስ ጠዋት የጥገኝነት ጉዳዬ ይሰማል፣ እትዬ። ከታሰርኩ ሂሪንጉ ያለ እኔ ያልፋል። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ነው። ወንድሜን ተክለ ማርያምን ከፕራግ ጠርተው ምን እንዳደረጉት ሔለን ታውቃለች። ሌላ ምስክር የለኝም።»

«ቭርባስ?»

«እሱም ሊጽፍልኝ ቃል ገብቶ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ተጣላን። ስሳሳት በቴፕ ይቀዳኝና ለሁሉም ያሰማል። ያስቃቸዋል። በቃህ አልኩት።»

«መታኸው?»

«አልመታሁትም። ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር የምነዳው ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ሰው ግን አልጫንኩም።»

«ዛሬም ዕድልህ አይደለም ማለት ነው» አለችና ተነሥታ ሄደች።

ጀላል ከመደርደሪያው ኋላ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል። «እትዬ ያለምወርቅ፣ ልጁ ዝንብ አይገድልም።»

«ዝንብ የማይገድሉ ስንቱን አስሬያለሁ። አንተ የሰማኸውን ንገረኝ።»

«ሰውዬው ሲጽፍ ጣሪያዬ ላይ ዶሮ የሚለቅም ነው የሚመስለው። ያቺ አሮጊት ሦስት ሰዓት ላይ ከአውቶቡስ ስትወርድ አየኋት፤ ላይ ወጣች። ከዚያ ወርዳ ከእኔ ዳቦ ስትገዛ እንኳ ከላይ ቀጭ ቀጭ ይላል። ተጨዋውተን ወደ ስካርቦሮ አውቶቡሷን ያዘች። የትምህርት ቤት ልጆች ከረሜላ ሊገዙ ሲገቡ ድምፁ ጠፋ።»

«ስንት ሰዓት ነው?»

«ሦስት ተኩል። ሁሌም ሦስት ተኩል ነው የሚዘርፉኝ።»

«ሌላ ማን ወጣ?»

«በኋላ በኩል ባለው በር የሚገባ አይታየኝም፣ እትዬ። የቤቱን ላንድሎርድ መስኮት ክፈትልኝ ብዬ ስንቴ ኮል አድርጌዋለሁ።»

ሚላዳ ወፍራም መነጽሯን እያወለቀች እየጠረገች ምንም አልደበቀችም። «እኔ ብገድለው ደስ ይለኝ ነበር» አለች። «በሦስት ሰዓት መጣሁ። ሃያ ሁለተኛውን ገጽ ገለጥኩ፤ የሰጠሙትን ዓሣ አጥማጆች ዜና በማስመሪያና በምላጭ ቆረጥኩ። ሲጽፍ ትቼው ወጣሁ። ቀና እንኳ አላለም።»

«ጋዜጣው ላይ ቀዳዳ ነበር?»

«የራሴን ዜና ብቻ ነው የማየው። አርባ ዓመት እንደዚያ ነው የሠራሁት።»

ሔለን ከምትኖርበት ከዌስተን ተጠርታ መጣች። ቀሚሷ በንጽሕና ተተኩሷል። ድምጿ ረጋ ያለ፣ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ የሚያዳምጠው ዓይነት ነው።

«በተራዬ ሁለት ሰዓት መጣሁ። ቆርጬ ኤንቨሎፔ ውስጥ ከተትኩ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ወደ ቤቴ ሄድኩ።»

«ምን ቆረጥሽ?»

«ከሃያ አንደኛው ገጽ የአንዲት ሴትዮ የሞት ማስታወቂያ።»

«ስትደርሺ ጋዜጣው ሙሉ ነበር?»

«የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ አይደል፣ እትዬ? ማን ይነካዋል? ሙሉ ነበር።»

«አመሰግናለሁ» አለች ያለምወርቅ። አመሰግናለሁ ማለት ልማዷ አልነበረም።

ብቻዋን ወደ ላይ ወጣችና ኤንቨሎፖቹን ከፈተች። የይመር ባዶ ነው። የሁለቱን ሴቶች ቁራጭ በመስኮቱ ብርሃን ፊት አንድ ላይ ይዛ ቆየች። ቀጥሎ የቆሻሻ ቅርጫቱን ገለበጠችው። ቭርባ አንዲት መስመር እንኳ ያለ ካርቦን ወረቀት ጽፎ አያውቅም። ገዳዩ ዋናውንም ግልባጩንም ወስዷል። ካርቦኑን ግን ጥቁር ወረቀት ነው ብሎ ጥሎታል። ካርቦኑ አዲስ ነው፤ የተጻፈበት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ረቂቁ በቼክኛ ነው፤ እሷ ደግሞ ቼክኛ አታነብም። ሦስት ስሞች ግን በየትኛውም ቋንቋ ያው ናቸው።

ረቡዕ ጠዋት በአራቱ ወንበሮች ላይ ሚላዳን፣ ሔለንን፣ ይመርንና ጀላልን አስቀመጠቻቸው። ጀላል ሱቄን ማን ይጠብቃል እያለ አጉረመረመ። ይመር በካቴና ነው የመጣው። ሔለን ወንበሯን አስጠግታ የታሰረ እጁን ያዘች። ሰርጀንቱ በሩ ላይ ቆሟል።

«አሥር ደቂቃ» አለ።

«አምስት ይበቃኛል።» ያለምወርቅ ጋዜጣውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «ሚላዳ ዳቦ ስትገዛ ሰውየው ይጽፍ ነበር። ጀላል በጆሮው ሰምቷል። እሷ አውቶቡስ ላይ ከወጣች በኋላም ጽፏል። ስለዚህ ሚላዳ አልገደለችም። ብትገድለው ደስ ይላት ነበር እንጂ።»

ሚላዳ ራሷን በመስማማት ነቀነቀች።

«ድምፁ የጠፋው ሦስት ተኩል ነው። ከሚላዳ በኋላ እዚህ የገባ ሰው ነው የገደለው። ሰርጀንቱ ይመር ነው ይላል። ይመር አራት ሰዓት ነው የገባሁት ይላል። ሔለን ሁለት ሰዓት መጥታ ሄጃለሁ ትላለች። ከሦስቱ አንዱ ተሳስቷል ወይም ዋሽቷል።»

የሔለንን ቁራጭ አነሣች። «ይኸው የሞት ማስታወቂያው። ታች በስተቀኝ ጥጉ የለም። የሟችዋን ልጆች ስም የያዙት ሁለት መስመሮች ጎድለዋል። ጥጉ የት ሄደ?»

ሚላዳ መነጽሯን አጠለቀች።

የሚላዳን ቁራጭ ከጎኑ አስቀመጠችና ገለበጠችው። «እዚህ ነው። ሃያ አንድና ሃያ ሁለት የአንድ ወረቀት ሁለት ፊት ናቸው። ሚላዳ ዓሣ አጥማጆቿን ስትቆርጥ ከጀርባ ሁለቱን መስመሮች ይዛ ሄደች። ሔለን አስቀድማ ብትቆርጥ ኖሮ የእሷ ሙሉ ይሆንና የሚላዳ ዜና ጥግ ያጣ ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ሚላዳ ቀድማለች። ሔለን የቆረጠችው ከተቀደደ ጋዜጣ ነው፤ ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ።»

ሰርጀንቱ ከበሩ ተነሥቶ ቀረበ። ሁለቱን ቁራጮች ራሱ ገጠማቸው። አንድ ሆኑ።

«ተራሽን ዘለልሽ» አለች ያለምወርቅ ወደ ሔለን ዞራ። «ሚላዳ እስክትወጣ ጠበቅሽ። በኋላ በር ገባሽ። ከገደልሽው በኋላ ብረቱን አጠብሽ፤ ተራሽ እንዳለፈ እንዲመስል ቆረጥሽና ኤንቨሎፕሽ ውስጥ ከተትሽ። ኤንቨሎፑን ባዶ ብትተዪው ኖሮ አልመጣሁም ማለት ትችዪ ነበር። ሥርዓቱ ግን ለመደብሽ። ሰውየው አሰልጥኖሻል።»

«ስህተት ነው» አለች ሔለን። ድምጿ አልተናወጠም። «ምናልባት ጥጉ ተቀዶብኝ...»

«ተቀዶብሽ የሚላዳ ጀርባ ላይ በረረ?»

ጀላል ሳያስበው ሳቀና አፉን ያዘ።

ይመር እጁን ከሔለን እጅ አወጣ። «ለምን ትገድለዋለች? ምስክሬ ሊሆን ነበር!»

ያለምወርቅ ካርቦኑን ለሚላዳ ሰጠቻት። «መስኮቱ ላይ ለጥፈሽ አንብቢው። መጀመሪያ በቼክኛ።»

ሚላዳ አነበበች። ቼክኛ የማይሰሙት ያለምወርቅ፣ ሰርጀንቱና ጀላል ነበሩ። ያለምወርቅ ግን የምታየው ደብዳቤውን ሳይሆን የይመርን ፊት ነበር። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ፊቱ ፈረሰ። መተርጎም የሚያሻው ነገር አልቀረም። ቢሆንም ሚላዳ በእንግሊዝኛ ደገመችው።

«ይመርንና ወንድሙን ተክለ ማርያምን ፕራግ አስተምሬያቸዋለሁ። ተክለ ማርያም እ.ኤ.አ. በ1977 ወደ አገሩ ተጠርቶ ተገደለ። እንዲጠሩ የተፈለጉትን ተማሪዎች ስም ዝርዝር ለኢትዮጵያ ኤምባሲ የሰጠችው ሐሙስ ምስክር ሆና የምትቀርበው ሔለን ናት። የጻፈችው በእኔ የጽሕፈት መኪና ነው። ድምጿ ግሩም ነው፤ እኔ ነኝ ያሠለጠንኩት። እንዳያታልላችሁ።»

«መኪናውን ያዋሳት እሱ ነዋ» አለ ጀላል። «እሱስ?»

«እሱማ ሞቷል» አለች ያለምወርቅ።

ሔለን ቀጥ ብላ ተቀምጣ ነበር። «ሰኞ ዕለት ስልክ ደወለልኝ» አለች በመጨረሻ። «ሐሙስ እሱም ይመጣል። ደብዳቤውን ይመር አጠገቤ ተቀምጦ እያለ ሊያነበው ነው። እውነት እንዲታወቅ አይምሰልዎ፣ እትዬ። የይመርን ፊት ማየት ነው የፈለገው።»

«እኔም አየሁት» አለች ያለምወርቅ። «ሊታይ የሚገባው ነገር አልነበረም።»

ሰርጀንቱ የይመርን ካቴና ፈቶ ለሔለን አጠለቀው። በዚያው ካቴና። ይመር አንጓውን እያሻሸ ቆመ፤ ወደ በሩ ሄደ፤ ተመለሰ።

«ለምን?» አላት በአማርኛ። «እሱን ለምን?»

«ስም አምጪ አሉኝ። ካላመጣሽ አንቺ ነሽ የምትሄጂው አሉኝ።» ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿ ተሰነጠቀ። «አሥር ስም ነበር የጻፍኩት። ዘጠኝ ነው የሰጠኋቸው። አሥረኛው አንተ ነበርክ። ሰረዝኩህ። ኤምባሲው ግን የሰረዝኩትን አንብቦት ኖሮ፣ ይኼኛው ወንድም የት ነው ብለው ሁለቴ ጠይቀውኛል። እስከ ወጣህበት ቀን ይፈልጉህ ነበር።»

ከታች የሱቁ ደወል ጮኸ፤ ጀላል አልተነሣም።

«ምን አለች?» አለ ሰርጀንቱ።

ይመር የያለምወርቅን ክንድ ያዘ። «እትዬ፣ ይህን አይተርጉሙት። በእግዚአብሔር ይሁንብዎ። የኔ ሕይወት በሷ ተርፎ ነው መባልን አልፈልግም። ወንድሜን ገድላ እኔን...»

«ነገ ጠዋት ስንት ሰዓት ነው ሂሪንጉ?»

«ሦስት... ዘጠኝ። በነሱ ዘጠኝ ሰዓት። ያለ ምስክር ልቅረብ። ይመልሱኝ ከፈለጉ።»

ያለምወርቅ ጣቶቹን አንድ በአንድ ከክንዷ ላይ አነሣች። ከዚያ ወደ ሰርጀንቱ ዞረች።

«ማስታወሻህን አውጣ» አለችው። «ተጠርጣሪዋ፣ በሁለት ፖሊሶችና በ...»

«እኔ ብቻ ነኝ ፖሊስ።»

«እኔን ከቁጥሩ አውጣኝ እንግዲህ። ተጠርጣሪዋ በራሷ ፈቃድ የሚከተለውን ተናገረች።» የሔለንን ቃል ሳታሳጥር፣ ሳታሳምር፣ እስከ መጨረሻው ተረጎመችው። አሥር ስም። ዘጠኝ። የተሰረዘው ይመር። ሁለቴ የጠየቁት። የፈለጉት።

ይመር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሰርጀንቱ ጽፎ ጨረሰ። ያለምወርቅ ወደ ማስታወሻው ጠቆመች።

«አንብብልኝ» አለችው። «ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት ለይመር ምስክር ስለሚሆን ቃል በቃል ያስፈልገኛል።»