አንድ ጆሮዋ ያልተቀባ በቅሎ

ጎሬ ኮረብታው ላይ የአቶ ወንድይራድ ቤት ነበረ። ምን ቤት ነበረ! ከጠላት ወረራ በፊት ለውጭ አገር ነጋዴዎች አስተርጓሚ ሳሉ፣ ሌላው ሰው መሬት ሲገዛ እሳቸው መጽሐፍ ይሰበስቡ ነበር። ከመቶ ዓመት በፊት ባሕር ተሻግረው አገራችንን ያዩ መንገደኞች የጻፏቸው፣ ሥዕሎቻቸው አንድ በአንድ በእጅ ቀለም የተቀቡ አምስት ብርቅ መጻሕፍት ነበሯቸው። ጎረቤት «ይኼ ሰውዬ ወረቀት ሊበላ ነው እንዴ?» እያለ ቢስቅም ግድ አልነበራቸውም። እሑድ እሑድ እጃቸውን ታጥበው፣ ሁለቱን ልጆቻቸውን ግራና ቀኝ አስቀምጠው ይገልጡላቸዋል። በየሥዕሉ ሥርም ልጆቹ እንዲያነቡት በቀይ እርሳስ ባማርኛ ጽፈውበታል። ልጆቹ ከሁሉ የሚወዱት ወንዝ የምትሻገረውን በቅሎ ነበር፤ ቀቢው ረስቶት አንድ ጆሮዋ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። «የእጅ ሥራ እንዲህ ነው፤ ይቺ በቅሎ የእኛ ብቻ ናት» ይሏቸው ነበር።

ምንዳዬ የአብራካቸው ክፋይ ነው። ያደታን ደግሞ ወላጆቹ በአንድ ወር ሲሞቱበት ገና በእቅፍ ሳለ በጉዲፈቻ ወስደው ያሳደጉት ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሀረገወይን ሁለቱን ሳይለዩ በአንድ ገበታ አብልተው፣ በአንድ ጋቢ አስተኝተው አሳድገው ሞቱ።

ጣሊያን ጎሬ ሲገባ መጻሕፍቱ በሰም በተነከረ ጨርቅ ተጠቅልለው ቀፎ ውስጥ ገቡ። በዚያ አገር ምልክት ያለበትን የሰው ቀፎ የሚነካ የለም፤ ከዚህ የተሻለ መደበቂያ ከየት ይመጣል? ያደታ ሶር ወንዝ ዳር ካለ ረጅም ዛፍ ላይ ወጥቶ ሰቀለው። ምንዳዬ ከፍታ ስለሚፈራ ከሥር ገመድ ያዘ። ቦታውን ያወቁት አባትና ሁለቱ ልጆች ብቻ ነበሩ።

ጠላት በወጣ ማግሥት ቀፎው ወረደ። ባዶ!... አቶ ወንድይራድ ዛፉን አዩ፤ ምንዳዬን አዩ፤ ከዚያ ዓይናቸው ያደታ ላይ ቀረ። ዛፉን መውጣት የሚችል እሱ ነዋ!

«አባቴ ይሙት፣ አልነካሁም!» አለ ያደታ።

«የትኛው አባትህ? እኔ የሌባ አባት አይደለሁም! ሁለተኛ ስሜን እንዳትጠራ፤ ደጄንም እንዳትረግጥ!»

ያደታ ወደ ምንዳዬ ዞረ። አብሮት ያደገው ወንድሙ ግን መሬት መሬት ያይ ነበር። ምነው አንዲት ቃል ቢተነፍስ? ምን ዓይነት አንጀት ነው የሰጠው? ያደታ የለበሰውን ብቻ ይዞ፣ በእግሩ ወደ ቡሬ ሄደ።

ዐሥር ዓመት አለፈ። አንድ ቀን መቱ ያለ ግሪካዊ የቡና ነጋዴ አቶ ወንድይራድን ከውጭ አገር የመጣ ደብዳቤ ለማስተርጎም ጠራቸው። ሳሎኑ ሲገቡ ግድግዳው ከመጽሐፍ በተገነጠሉ፣ መስታወት በገባላቸው ሥዕሎች ተሞልቷል። ከመስታወቱ ሥር... የራሳቸው ቀይ እርሳስ!

«ይኼን ማን ሸጠልዎት?» አሉ።

«ልጅዎ ምንዳዬ ነዋ! በጣሊያን ጊዜ። ዛፍ የወጣለትን ሰው እንኳ እኔ ነኝ የፈለግሁለት። እርስዎ የላኩት መስሎኝ!»

አይ ምንዳዬ! አይ የገዛ ሥጋ! አቶ ወንድይራድ ተሰናብተው እንኳ አልወጡም፤ ያኑ ዕለት የቡሬን መንገድ ያዙ። ይቅርታ የሚሉት ልጅ ነበራቸው፤ ቢያንስ እንደዚያ መስሏቸው ነበር።

ቡሬ ቤቱን ጠይቀው ሲደርሱ በሩን የከፈተችው ጥቁር የለበሰች ሴት፣ የያደታ ሚስት ዲሪቤ ናት። ማንነታቸውን ሲነግሯት ተንበርክካ ጉልበታቸውን ሳመች።

«ዘገዩ፣ አባ» አለች። «ወባ ከወሰደው አርባው ገና ትናንት ወጣ።»

ከሣጥን ውስጥ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣች። በቅሎዋ ነበረች! አንድ ጆሮዋ ነጭ!

«መቱ ያለው ነጋዴ ቤት አይቷት፣ ለዚች ወረቀት ብሎ እሱ ዘንድ አንድ የቡና ወቅት ሙሉ በነፃ ጆንያ ተሸከመ። ማን እንደሸጣትም ነጋዴው ያኔውኑ ነገረው። እኔ ‹ሂድና ለአባትህ ንገር› ብለው፣ ‹አባዬ አንድ ልጅ አጥቷል፤ የቀረውን ደግሞ እኔ ልንጠቀው?› አለኝ።»

አቶ ወንድይራድ መቃብሩ ላይ ተደፉ። «የትኛው አባትህ?» ካሉት ቀን ጀምሮ ያደታ በአባቱ ምሎ አያውቅም ነበር። አፈሩን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ የልጃቸውን መሐላ ራሳቸው ማሉለት።

«አባትህ ይሙት፣ ያደታ... አልነካህም!»

አይ ዕድል! እውነቱን ለምን ሁልጊዜ ከቀብር በኋላ ታመጪዋለሽ? ያን ያህል ዘመን ሲመሽ ሲነጋ፣ ጎሬና ቡሬ ይህን ያህል ሩቅ ነበሩ?